ያውቁ ኖሯል? «ልኬያለሁ፣ ይኸው!»

ልደታ ማርያም አካባቢ ምግብ ቤት ገብተው «ሂሳብ!» ሲሉ ዛሬ የሚመጣልዎ ጥያቄ «በካሽ ነው በቴሌብር?» የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ ዕድሜ ስንት ይመስልዎታል? ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው። የልደታ ንፍሮ ከተበላ በሁለተኛው ቀን! አሁን ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው!

ግን ከደንበኛው ብዛት ይልቅ የሚያስገርመው በዚህ ክፍያ የሚያጭበረብረው ሌባ ስንፍና ነው! የይለፍ ቃል አይገምትም፤ የባንክ ሲስተም አይሰብርም። አንድ የቆየ ደረሰኝ ፎቶ ያነሳል፣ ስምና መጠኑን ይቀይራል፣ በቃ! «ልኬያለሁ፣ ይኸው!» ብሎ ስልኩን ያሳይና ጥርሱን እየጎረጎረ ይወጣል። በምሳ ሰዓት ግርግር ማን ሁለቴ ያያል?

የንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር ራሱ የቀን መቁጠሪያ እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ቁጥሩ «ኤፍ ቲ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው። ከዚያ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ቀኑ ከዓመቱ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ! 24076 ካለ የ2024 76ኛ ቀን ነው፤ በእኛ መጋቢት 7 ቀን 2016። አጭበርባሪው ከላይ ያለውን ቀን ቀይሮ ይህችን ቁጥር ከረሳት፣ ደረሰኙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያሳብቅበታል!

ይህን ቀን በምሳሌነት የመረጥነው በዋዛ አይደለም! መጋቢት 7 ሊነጋ ሲል የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ! ባንኩ ጎደለብኝ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ባንኩ ከዚያ በኋላ ያደረገው ደግሞ የባሰ ያስደንቃል፦ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ አወጣው!

ወደ ሐሰተኛው ደረሰኝ እንመለስ። የቴሌብር መልእክት ከ127 እንደሚመጣ ያውቃሉ። አጭበርባሪውም ያውቃል! ስለዚህ መልእክቱን ፊደል በፊደል ገልብጦ ከራሱ ስልክ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ስልክ ይልከዋል። ጽሑፉ ያው፣ መጠኑ ያው፣ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ሳይቀር ያው! ላኪው ግን 09 ብሎ የሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። «ዳታ ስለሌለሽ ነው ያልታየሽ» ካላት ደግሞ ይሳቁበት፤ የቴሌብር አጭር ቁጥር *127# ያለ ዳታ ይሠራል!

አያቶቻችን ገንዘብን አይቶ በመቀበል ከእኛ ሳይሻሉ አይቀሩም! የማሪያ ትሬዛ ብር ሲቀበሉ በላዩ የተቀረጸችውን እቴጌ ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ፈርጥ እያዩ ይቆጥሩ ነበር። ፈርጡ ካልታየ አይቀበሉም!

እዚህ ላይ ሌላም ጉድ አለ። እቴጌዪቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ማሪያ ትሬዛ ብር ሁሉ ግን 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል! ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የመምቻ መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ አስመታው። እሱም 1780!

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ ኪውአር ኮድና የስጦታ ካርድ የዕድሜ እኩዮች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ተፈጠረ፤ ለመኪና መለዋወጫ መቁጠሪያ! ፈጣሪው ማሳሂሮ ሃራ ሐሳቡ የመጣለት «ጎ» የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ ገበታ ሲያይ ነው። በዚያው ዓመት ኒማን ማርከስ የተባለው የአሜሪካ መደብር የመጀመሪያውን የስጦታ ካርድ ሸጠ።

ጠረጴዛዎ ላይ የተለጠፈው ኪውአር ኮድ ሽሮ ቢፈስበትስ? ይሠራል! 30 በመቶው ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ሌባ የራሱን ኮድ ከላዩ ቢለጥፍበትስ? እሱም ይሠራል! ቴክሳስ ውስጥ በኦስቲን ከተማ ፖሊስ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ከ20 በሚበልጡ የመኪና ማቆሚያ መክፈያዎች ላይ እንዲህ ያለ ተለጣፊ አግኝቷል። ሁለት ኪውአር ኮዶችን በዓይን የሚለይ ሰው ገና አልተወለደም! ከማረጋገጫው በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ግን ማንም ያነበዋል። የምግብ ቤቱ ስም መሆን ሲገባው የማያውቁት ሰው ስም ከመጣ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!

አሜሪካኖች በስጦታ ካርድ ተታለው በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ 217 ሚሊዮን ዶላር እንደጠፋባቸው ለመንግሥት አመልክተዋል! አጭበርባሪው ዕቃውን አይፈልገውም፤ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህ ዘዴ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? «ዕጣ ደርሶዎታል! የሞባይል ካርድ ፍቀው ቁጥሩን ይንገሩን» ተብሎ ያልተደወለልዎ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት!

ይቺን ደግሞ ይስሟት። በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ 5 ዶላር 5 ዶላር የያዙ ሦስት የስታርባክስ ቡና ቤት የስጦታ ካርዶች ገዛ። ከአንዱ ወደ ሌላው የማስተላለፉን ትእዛዝ በአንድ ቅጽበት ሁለቴ ላከ። ሲስተሙ ግራ ተጋባ፤ 15 ዶላሩ 20 ሆነ! ሄዶ ምግብና መጠጥ ገዛበት። ከዚያስ? ለኩባንያው ስህተቱን ነገረው፤ እዳ እንዳይኖርበት ብሎም 10 ዶላር ከኪሱ ሞላ!

ውጭ አገር ያለ ሰው ለእናቱ የገና በግ በካርድ ከፍሎ ይልካል፤ ይህን ያውቃሉ። ካርዱ የተሰረቀ ከነበረስ? በቪዛ ደንብ የካርዱ ባለቤት «እኔ አልከፈልኩም» ብሎ ለመሞገት 120 ቀን አለው! ከታኅሣሥ 29 ቢቆጥሩ ሚያዝያ 29 ይደርሳል። ገንዘቡ ከሻጩ ተነጥቆ ይመለሳል። በጉ ግን ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ የመንገድና የቤት ቁጥር ይዞ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ አንዳንዴ ይጠቅማል ቢባል ያምናሉ? ምግብ አድራሹ «ልደታ ኮንዶሚኒየም የትኛው ብሎክ ነው? ከታች ሱቅ አለው?» እያለ ሳይደውል አይደርስም። በሐሰት የታዘዘ ምግብ ሊጋለጥ የሚችለው እዚያች ስልክ ላይ ነው! ስንት አገር ለዚህ ፕሮግራም ያሠራል፤ ለእኛ ግን የመንገድ ምልክት ማጣታችን ሠራልን!

አስመስለው በሠሩት የስልክ ደረሰኝ አንድ ጥብስ የበሉ ሰው የት ሊዳኙ እንደሚችሉ ያውቁ ኖሯል? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራትንም ማታለልንም በወንጀልነት ይዟል። ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የሰጠውም ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አይደለም። ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በልደታ ምድብ ችሎቱ የሽብርና የሙስና ክሶች ሲታዩበት ለኖረው! ለአንድ ጥብስ!