ማንም የሚተክለው ድንኳን

ከሰሞኑ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሽርሽር ነው፤ ወንጪ ወይም ላንጋኖ ዳር ወጣ ብለው ለሚያድሩ፣ ከውጭ እስኪመጣ ሳይጠበቅ እዚሁ የሚሠራ ድንኳን የለም ወይ የሚል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ ቤቱን ጥሎ ሜዳ ላይ የወጣውን ሰው ያየ ሁሉ የጠየቀው ነው፦ ከላስቲክ የተሻለ፣ በአንድ ከሰዓት የሚቆም መጠለያ መሥራት ይህን ያህል ከብዶ ነው?

ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ። የሽርሽር ድንኳንና የአደጋ ጊዜ መጠለያ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ አንዱ ሁለት ሌሊት ቢያገለግል ነው፣ ሌላው ወራት ሊቆይ ይችላል። ብልሽታቸው የሚጀምረው ግን አንድ ቦታ ነው፤ መጋጠሚያቸው ላይ። ስለ ቅርጹና ስለ ጨርቁ የሚያወራ ሞልቷል። ስለ መጋጠሚያው የሚያወራ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

የዕድር ድንኳን ተክሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቱቦው ከመጋዘን ወጥቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ መካከለኛ መስሎ ያልሆነም አለ። ድሮ በቀለም የተጻፈበት ቁጥር ተፋፍቆ ጠፍቷል። ጎረምሶቹ አንዱን ብድግ አድርገው «ይሄ የየት ነው?» ይላሉ። መልሱን የሚያውቁት የዕድሩ ንብረት ያዥ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብተዋል። ባለ ሦስት አፉ የማዕዘን ብረት ከጎደለማ አለቀ፤ ድንኳኑ በአጠናና በሲባጎ ተደግፎ፣ አንድ ጎኑ ዘመም ብሎ ይቆማል። ዕድር ይህን ይችለዋል፣ የሰፈር ሰው ሁሉ አለለትና። በአደጋ ጊዜ ግን ተካዩ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። ልጅ ያዘለች እናትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሽቶም፣ ነፋስ ተነሥቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንድፍ ስጀምር የመጀመሪያው ሕጌ «ይሄ የየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ሁሉም ዘንግ እኩል ከሆነ የሚጠየቅ ነገር የለም።

እኩል ይሁን ስል ስንት? እዚህ ላይ የምነሳው ከሸራው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚያድለው ሸራ 4 በ5 ሜትር ነው። 5 ሜትሩን መሐል ለመሐል አጥፈን ግራና ቀኝ ብናወርደው በየጎኑ 2.5 ሜትር ይሆናል። ግራና ቀኝ እግሮቹን 3 ሜትር ብናራርቃቸው ደግሞ አናቱ ከመሬት ልክ 2 ሜትር ከፍ ይላል። ግንበኛ ማዕዘን የሚያወጣበት የ3፣ 4፣ 5 ሒሳብ ነው፤ እዚህ ሁሉም በግማሽ አንሶ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሆኗል። መሐሉ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሸራው ሳይቆረጥ መሬት ይነካል። 2.5ቱን ለሁለት ስንከፍለው የዘንጋችን ርዝመት ወጣ፤ 1.25 ሜትር። ይህ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፣ በቅሎ ላይ ይጫናል፣ በትከሻም ቢሸከሙት ቅርንጫፍ እየያዘ አያስቸግርም።

ሦስት ዘንግ ተቀጣጥሎ የጣራውን አናት ይሠራል፤ 3.75 ሜትር። አራት ጥንድ እግሮች ከአናቱ ላይ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ እግር ሁለት ዘንግ ነው። ሲደመር 19 ዘንግ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ወለሉ 11 ካሬ ሜትር ከትንሽ በላይ ይሆናል። «ስፊር» የሚባለው የሰብዓዊ ዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላልና ለሦስት ሰው ይበቃል። አምስት ሆነው ለሚያድሩበት ቤተሰብ ግን አይበቃም፤ አናቱን በሁለት ዘንግ አስረዝሞ ሁለት ጥንድ እግርና ሌላ ሸራ መጨመር ያስፈልጋል። ዘንጉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለዚያ የተለየ ዕቃ አይፈለግም።

ቱቦው ለሽርሽር ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይበቃዋል። 19ኙም አንድ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው አሥር አሥር ኪሎ ይካፈለዋል። ወራት ለሚቆመው 32 ሚሊ ሜትሩን እመርጣለሁ፤ ክብደቱ ወደ 27 ኪሎ ይጠጋል፣ ግን አንድ ጊዜ ተሸክሞ ማድረስ ነው።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። ሁለት ዓይነት ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቀጥ ያለ እጅጌ ነው፤ ሁለት ዘንግ ከግራና ከቀኝ ይገባበታል። እግሩ ነፋስ ሲመታው በጣም የሚታጠፈው ወገቡ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የቀጠልነው እዚያው ወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ እጅጌው አጭር ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ዘንጉ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ስንዝር ያህል ይግባበት። ሁለተኛው አናት ላይ የሚቀመጠው ባለ አራት አፍ ነው፤ ሁለቱ አፎች ወደ እግሮቹ ያዘቀዝቃሉ፣ ሁለቱ አናቱን ይይዛሉ። ዳርና ዳር ላይ ባለ ሦስት አፍ ይበቃ ነበር፤ ሆን ብዬ ግን አራቱንም ቦታ አንድ ዓይነት አደርገዋለሁ። ዳር ላይ ባዶ የሚቀረው አፍ በኋላ ሥራ ይገኝለታል። የቧንቧ ጎሚቶና ቲ ለዚህ አይሆኑም፤ ማዕዘናቸው ዘጠና ወይም አርባ አምስት ዲግሪ ስለሆነ የእኛን ተዳፋት አያወጡትም። ብየዳ ቤት ማሠራት ግድ ነው።

እጅጌው ዘንጉን ከውጭ የሚያለብስ ይሁን እንጂ ውስጡ የሚሰካ አይሁን። ብዙ የፋብሪካ ድንኳን የሚሰካውን ይመርጣል፤ ሲታይ ያምራልና። እኔ የሚያለብሰውን የምመርጠው ዘንግ ከጠፋ ወይም ከተጣመመ ተኩን ከየትም ማምጣት ስለሚቻል ነው። አንድ የባሕር ዛፍ አጠና 1.25 ሜትር ላይ ቆርጣችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በቢላዋ ጠረብ ጠረብ አድርጋችሁ እጅጌው ውስጥ ሰክታችሁ ማታውን መተኛት ትችላላችሁ። የሚሰካ መጋጠሚያ እንጨት አይቀበልም።

የዘንግ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ ለተፈናቃዮች ላስቲክና የአሉሚኒየም ዘንግ ሲታደል ሰዎች አሉሚኒየሙን ገበያ አውጥተው ሸጡት፤ ለምሰሶ ደግሞ ዛፍ ቆረጡ። ጃፓናዊው አርክቴክት ሽገሩ ባን ማንም የማይገዛው ነገር ይሁን ብሎ ከወረቀት የተጠቀለለ ቱቦ ለምሰሶነት አቀረበ። ቆይቶ በ2014 የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘው ይኸው ሰው ነው። እኔ ብረት ስመርጥ ይህን አላጣሁትም፤ ብረትም ይሸጣል። ግን 1.25 ሜትር ላይ የተቆረጠ ቱቦ ገበያ ላይ እንደ ሙሉው ዋጋ አያወጣም፣ ቢሸጥም እንኳ አጠናው ይተካዋል።

ሌላው ምሳሌ፣ በአይኪያ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተሠራው «ቤተር ሼልተር» የተባለው መጠለያ፣ እዚሁ አገራችን፣ ዶሎ አዶ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ተሞክሯል። 17.5 ካሬ ሜትር ነው፤ በስፊሩ ልክ የአምስት ሰው። በሁለት ካርቶን ይመጣል፣ አራት ሰው ያለ ሌላ መሣሪያ በጥቂት ሰዓት ያቆመዋል፣ በር አለው፣ ይቆለፋል። የለንደን ዲዛይን ሙዚየም የ2016ን ሽልማት ሰጥቶታል። ይገባዋልም። ዙሪክ ከተማ ግን በ2015 የእሳት ፍተሻ አድርጎ አልጠቀምበትም አለ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያመጡት ነገር ነው፤ አጽሙን ብቻ የሚያቀርብ፣ ልብሱን አገሬው በሸራም፣ በቀርከሃም፣ በጭቃም የሚያለብሰው ሞዴል። ብዙ ዓመት ከተደከመ በኋላ የተደረሰው አጽምንና ልብስን መለየት ላይ ነው ማለት ነው።

አፋርና ሱማሌ ውስጥ ይህን ለሴቶቹ መንገር አያስፈልግም። የአፋሩን አሪም ሆነ የሱማሌውን አቃል የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም እነሱ ናቸው። የጎበጡት እንጨቶች አጽም ናቸው፤ ምንጣፎቹ ልብስ ናቸው፤ ምንጣፍ ሲያረጅ እሱ ብቻ ይቀየራል እንጂ ቤቱ አይጣልም። የአቃሉ ምንጣፎች ደግሞ በጉዞ ጊዜ ግመሉ ጀርባ ላይ፣ ከጭነቱ ሥር ይነጠፋሉ፤ ሳይሠራ የሚጓዝ ዕቃ የለም። መሐንዲስ ነኝ የሚል ሁሉ መጠለያ ከመንደፉ በፊት አንዲት የአፋር እናት ቤቷን ስትነቅል ቁጭ ብሎ ቢያይ ጥሩ ነው። ስትተክል አላልኩም፤ ስትነቅል። የዕቃ ቅደም ተከተል የሚገባው ያኔ ነው።

ወደ ነፋሱ ልምጣ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 14 ኪሎ ያህል ጫና ያሳርፋል፤ የድንኳናችን አንዱ ጎን 9 ካሬ ሜትር አልፎ ስለሚሄድ ወደ 130 ኪሎ ይደርሳል። በ108 ኪሎ ሜትር ግን ግማሽ ቶን አለፈ። ደግሞም ነፋስ ገፍቶ ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ በወዲያኛው ጎን ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ ክብደቱ ብቻውን አያቆመውም፣ መሬት መያዝ አለበት።

መጀመሪያ እግሮቹ እንዳይከፈቱ በእያንዳንዱ ጥንድ ከአንዱ እግር እስከ ሌላው መሬት ለመሬት ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ሁለቱ ጫፍ ላይ ቀለበት ኖሮት ልክ 3 ሜትር ይሁን፤ ያኔ ሜትር ሳያስፈልግ ልኩንም የሚሰጠው እሱ ነው። ቀጥሎ ከሁለቱም ዳር ከአናቱ ወደ መሬት ሁለት ሁለት አውታር ይወጠራል። ካስማው ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይመታ። ድንጋያማ መሬት ካስማ አያስገባም፣ አሸዋ ደግሞ አይዝም፤ ፈንታሌ አካባቢ ሁለቱም አለ። አሸዋ ላይ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልታችሁ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስራችሁ፣ በግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት። ሰው ስቦ አያወጣውም። ድንጋያማው ላይ ያንኑ ከረጢት ድንጋይ ሞልቶ ከላይ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ግን የክብደቱ ጉዳይ ስለሆነ አንድ አይበቃም።

የሸራው ዳር ላይ ያሉትን የብረት ቀለበቶች አትመኗቸው። ሸራውን ቀድዶ የሚወጣው ሁልጊዜ እነሱ ጋ ነው፤ ጫናው ሁሉ አንዲት ቀዳዳ ላይ ያርፋልና። ከዳሩ አንድ ስንዝር ገባ ብላችሁ፣ የእንቁላል ያህል ድቡልቡል ጠጠር በሸራው ውስጠኛ ጎን ያዙ። ሸራውን በጠጠሩ ላይ ጠቅልላችሁ አንገቱን በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩና አውታሩን እዚያ ላይ አያይዙ። ሸራው አልተበሳም፤ ጫናው በጠጠሩ ዙሪያ ተበትኗል። ሹል ድንጋይ ግን አይሁን።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ላስቲክነት ያለው ሸራ አይተነፍስም፤ እንደ ስሜን ተራሮቹ ሳንቃበር ባለ ብርዳማ ቦታ ብታድሩ የትንፋሻችሁ እርጥበት ጣራው ላይ ተሰብስቦ ሊነጋ ሲል ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ሸራው ያፈሰሰ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከታችም ከላይም አየር መግቢያና መውጫ ይኑር፤ ዳርና ዳሩን ስትዘጉ ከአናቱ ሥር አንድ ክንድ ክፍት ተዉ። ቆላ ከሆነ ተቃራኒው ነው ችግሩ፤ ቀን ላይ ነጠላ ሸራ ሥር መቀመጥ ውጭ ፀሐይ ላይ ከመቀመጥ ሊብስ ይችላል። ከሸራው በላይ አንድ ስንዝር አየር ትቶ ሰሌን ወይም ሣር ቢጋረድበት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያ ቡና አለ። ለወራት የሚኖርበት መጠለያ ውስጥ እሳት አይነድም ብሎ የሚነድፍ ሰው ሰዎቹን አያውቃቸውም። ከልክለን አንችልም፤ ቦታ ልንሰጠው ግን እንችላለን። ዳር ላይ ባዶ የቀረው የመጋጠሚያ አፍ ለዚህ ነው፤ አንድ ዘንግ ተጨምሮበት፣ ከሥሩ በአንድ ምሰሶ ተደግፎ፣ ቁራጭ ሸራ ሲለብስ 1.25 ሜትር በረንዳ ይወጣዋል። ከሰል እዚያ ይቀመጣል። በድንኳንና በድንኳን መካከል ደግሞ ቢያንስ 2 ሜትር ይተዉ፤ ቢቻል የድንኳኑን ቁመት እጥፍ። ውስጡንም ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ከአናቱ ላይ ይንጠልጠል። ሴት ልጅ ልብሷን የምትቀይርበት ቦታ ማጣት በሪፖርት ላይ ብዙም አይጻፍም እንጂ ሰው መጠለያውን የሚጠላው በዚህም ነው።

ብየዳ ቤት ስትሄዱ እጅጌውንና ባለ አራት አፉን ከመበየዱ በፊት ዘንጋችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ያለ ችግር ገባ ወጣ ማለት አለበት፣ ቀለም ሲቀባ ይጠብቃልና ትንሽ ሰፋ ይበል። ከ8ቱ እጅጌ ላይ ሁለት ትርፍ፣ ከ4ቱ ባለ አራት አፍ ላይ አንድ ትርፍ አሠሩ። ስታሽጉ ትርፎቹን አንድ ከረጢት ውስጥ አትሰብስቡ፤ በሁለቱ ሸክም ውስጥ ተከፋፍለው ይግቡ።