ጥቂት አሳማዎችን በጓሮ ለማርባት የትኛው አጥር ይመረጣል?

በኡጋንዳና በምዕራብ ኬንያ ገጠሮች ሁለት ሦስት አሳማዎችን በጓሮ ማርባት የተለመደ ነው። አሳማ ቶሎ ያድጋል፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ግልገሎችን ይወልዳል። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ወይም ከቤተሰቡ ሰው ሲታመም ተሸጦ ችግር ያቃልላል። ይህ ጥሪት ግን በአንድ የላላ አጥር ሳቢያ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

አጥር ለምን ያስፈልጋል?

ጉዳዩ የጎረቤትን ስኳር ድንችና ካሳቫ ከጥፋት ማዳን ብቻ አይደለም። እ.አ.አ. በ1921 ከኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተዘገበው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት መድኃኒት የለውም። በሽታው ሰውን ባይዝም፣ በብርቱ ሲነሳ የያዛቸውን አሳማዎች አብዛኞቹን ይገድላል። ከርከሮዎች ቫይረሱን ሳይታመሙ ይሸከሙታል። በልቅ የሚሰማራ አሳማም ከታመሙ አሳማዎች ጋር ይገናኛል፤ የተበከለ የሥጋ ትራፊም ያገኛል።

ሁለተኛው ስጋት በሰው ጤና ላይ ነው። የሰው ዐይነ ምድር የሚበላ አሳማ የኮሶ ትል እጭ በሥጋው ሊይዝ ይችላል። ሥጋውን በደንብ ሳያበስል የበላ ሰው ትሉን ይሸከማል። ከእርሱ የሚወጡት ዕንቁላሎች በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው ሲገቡ፣ እጩ አንጎል ደርሶ የሚጥል በሽታ ያስከትላል።

አማራጮቹ

ገመድ፦ ርካሹ ዘዴ ነው። ነገር ግን እግርን ያቆስላል፣ እንስሳውን ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ከሌሎች አሳማዎች ንክኪም አያድነውም።

እንጨት፦ ባሕር ዛፍ ወይም ጣውላ በቀላሉ ይገኛል። አሳማ ከመዝለል ይልቅ በአፍንጫው ቆፍሮ ከሥር ማንሳት ይቀናዋል። ስለሆነም የታችኛው አግዳሚ መሬት ሊነካ፣ ቋሚዎቹም በጥልቀት ሊቀበሩ ይገባል። ለአብዛኞቹ አሳማዎች አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ይበቃል። አግዳሚዎቹን ከውስጥ በኩል መምታት ይመከራል፤ አሳማው ሲገፋቸው ከቋሚው ጋር ይበልጥ ይጣበቃሉ። የእንጨት ጠላቱ ምስጥ ነው።

መረብ ሽቦ፦ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሆኖም የታችኛው ጠርዝ ካልተቀበረ ወይም በካስማ ካልተያዘ አሳማው ያነሳዋል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ፦ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ዓይነት መብራት በሌለበትም ያገለግላል። ለአዋቂ አሳማዎች ከመሬት 20 እና 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ይበቃሉ። ሣር ሽቦውን ከነካው ኃይሉ ይደክማል። አሳማዎቹ አስቀድመው ጠንካራ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ ከሽቦው ጋር ሊለማመዱ ይገባል፤ ያልለመደ አሳማ ሲደነግጥ ወደ ፊት ጥሶ ያልፋልና። ሽቦውን ከቤት መብራት መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ሰው ይገድላል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

ከአጥሩ ባሻገር

ከርከሮ በሚዘዋወርበት ወይም ጎረቤት አሳማ በሚያረባበት አካባቢ አንድ አጥር አይበቃም፤ እንስሳቱ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ። በሁለት አጥሮች መካከል ቢያንስ የአንድ ሜትር ክፍተት መተው ይህን ያስቀራል።

ቫይረሱ በጫማ፣ በመኪና ጎማና በወጥ ቤት ትራፊም ይገባል። ስለዚህ በሩ ላይ ለጋጣው ብቻ የሚያገለግል ቦቲ ጫማ ማስቀመጥ፣ ነጋዴዎችን ከውጭ ማነጋገር፣ የሥጋ ትራፊም አለመስጠት ያስፈልጋል። አቅሙ ውስን የሆነ አርቢ በእንጨት የታጠረ፣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ጋጣ ቢጀምር፣ ሰፊ ግቢ በላላ ሽቦ ከማጠር ይሻለዋል።