ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ኮሌጅ፦ ድጋፉ እንዳይቋረጥ

ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ከማሰብ ችሎታ ማነስ የሚመጣ አይደለም። በአብዛኛው የሚመነጨው አንጎል የቃላትን ድምፆች ለይቶ ከፊደላት ጋር ከሚያዛምድበት ሂደት ነው። ስለሆነም ተማሪው ኮሌጅ ስለገባ ብቻ አይወገድም። የሚለወጠው ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ ነው። ለዚህም በርካታ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባትን አሜሪካን በምሳሌነት እንመልከት።

በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የትምህርት ሕግ ችግር ያለበትን ተማሪ ፈልጎ የመለየትና የግል የትምህርት ዕቅድ የማውጣት ኃላፊነትን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ጥሏል። ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውን ሲቀበል ግን ይህ መብት ያበቃል። በኮሌጅ የሚያገለግሉት የ1973 እና የ1990 ሕጎች አድልዎን ይከለክላሉ እንጂ ኮሌጁ ተማሪውን ፈልጎ እንዲደርስለት አያስገድዱም። ችግሩን መግለጽ፣ ማስረጃ ማቅረብና ድጋፍ መጠየቅ የተማሪው ፈንታ ነው።

ለጠየቀ ተማሪ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ወይም በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ሊፈቀድለት ይችላል። ይህ አድልዎ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ፈተና ሊለካ የሚገባው የኬሚስትሪ ዕውቀትን እንጂ የንባብ ፍጥነትን አይደለምና። የትምህርቱ መሠረታዊ መመዘኛም አይቀነስም። ዝም ብሎ ቆይቶ ከወደቀ በኋላ የሚናገር ተማሪ ግን ያለፈው ውጤት እንዲሰረዝለት ኮሌጁን ማስገደድ አይችልም።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከሁለተኛ ደረጃ መጀመር አለበት እንላለን። ተማሪው ችግሩን በራሱ አንደበት ማስረዳትን ይልመድ፤ የምርመራ ማስረጃውን ይያዝ፤ ትምህርት ሳይጀመር የሚመለከተውን ቢሮ ያነጋግር። እስካሁን ስለ እርሱ ይናገሩ የነበሩት ወላጆቹ ናቸው፤ ከእንግዲህ ግን ተናጋሪው እርሱ ራሱ ነው።