ስለ ተበላሸ የኮምፒዩተር ጨዋታና ስለ አቤቱታ አጻጻፍ



ማመልከቻ የምትቀበሉ፣ መርምራችሁም ወደሚመለከተው ክፍል የምትመሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለ ሆናችሁ፣ አንዱ ማመልከቻ በዕለቱ ሲፈጸም ሌላው በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚከርምበትን ምክንያት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን እናንተ ራሳችሁ አመልካች ስለምትሆኑበት አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ለልጃችሁ ወይም ለራሳችሁ የገዛችሁት የኮምፒዩተር ጨዋታ እንከን የተገኘበት እንደ ሆነ፣ ለአሳታሚው አቤቱታ የሚቀርበው እንዴት ነው? የሚል ነው።

«ጨዋታ የልጅ ነገር ነው፤ ለልጅ ነገር ምን አቤቱታ ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ሁሉ፣ ጫማም ይሁን ጨዋታ፣ የተባለለትን አገልግሎት ሊሰጥ ይገባዋል። በትንሹ ነገር መብቱን በሥርዓት መጠየቅ ያልለመደ ሰው በትልቁም ነገር ዝም ማለቱ ወይም መሳደቡ አይቀርም።

አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የኮምፒዩተር ጨዋታ ማለት ለመሣሪያው የተጻፈ እጅግ ረዥም የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ከትእዛዞቹ አንዱ ሲሳሳት ወይም ከሌላው ጋር ሲጋጭ ጨዋታው ይቆማል፤ ወይም ያልታሰበ ነገር ያሳያል። ይህን እንከን እንግሊዞች በቋንቋቸው «ተባይ» በሚል ቃል ይጠሩታል። ስያሜው ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ቢሆንም፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ የሒሳብ መኪና ውስጥ በእርግጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኝታ፣ ሠራተኞቹ በመዝገባቸው ላይ ለጥፈዋታል። የዛሬው እንከን ግን በመቆንጠጫ የሚወጣ አይደለም። የገዢዎቹ ኮምፒዩተሮች በዐይነትም በዕድሜም የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ በሠሪው ቤት በደኅና የሠራው ጨዋታ በእናንተ ቤት ሊሰናከል ይችላል። ከዚህም በላይ ለሽያጭ የተቈረጠው ቀን ሲደርስ ሥራው ሳያልቅ ወደ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሲዲ ፕሮጀክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለውን ጨዋታ ቀኑን ሦስት ጊዜ ካራዘመ በኋላ በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ለገበያ አቀረበ። ጨዋታው በተለይ ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን በተባሉት የቆዩ መሣሪያዎች ላይ እየተዘጋና እየተሰናከለ ገዢውን አስመረረ። አቤቱታው ስለ በዛ፣ በአራተኛው ቀን ኩባንያው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ በቆዩት መሣሪያዎች ላይ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ለሕዝብ አለማሳየቱንም አመነ፤ ገንዘቡን የሚሻ ሰው እንዲጠይቅ ፈቀደ። ጥቂት ቀን ቈይቶም ሶኒ ጨዋታውን ከመደብሩ አነሣው፤ ወደ መደብሩ የተመለሰውም በጁን 21 ቀን 2021 ነው። ኩባንያው እንከኑን ለዓመታት ሲያርም ቈይቶ በ2023 ትልቁን ማሻሻያ ሲያወጣ፣ ማሻሻያው ለኮምፒዩተርና ለአዲሶቹ መሣሪያዎች ብቻ ሆነ። ስለዚህ በቆየ መሣሪያ የሚጫወት፣ በጊዜው ያልጠየቀ ሰው ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ አቤቱታ ጊዜ እንዳለው ነው። ስቲም የተባለው ታላቅ የጨዋታ መደብር ከ2015 ጀምሮ፣ ጨዋታው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ለጠየቀና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ምክንያቱን ሳይመረምር ገንዘቡን ይመልሳል። የዚህ መደብር ባለቤት የሆነው ቫልቭ፣ የአውስትራሊያ ሕግ አይገዛኝም ብሎ ቢከራከር፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤት በ2016 የ3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ፈርዶበታል። በብሪታንያም በ2015 የወጣው የሸማቾች ሕግ፣ በኮምፒዩተር የሚጫን ዕቃ ልክ እንደ ሌላው ዕቃ አጥጋቢ ሆኖ እንዲገኝ ያዛል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ከረዳ፣ የቀረው የአመልካቹ ብልኀት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በገዛ ቤቴ ደርሷል። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን በማለፉ፣ በውጭ አገር የሚኖረው አጎታችን ከፍሎ አንድ ጨዋታ ገዛለት። አጎታችን በጥበቃ ሥራ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። ጨዋታው ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ በድንገት እየተዘጋ፣ ልጁ የደከመበትን ሁሉ ያጠፋበት ጀመር። ወንድሜም አጎታችን እንዳያዝን ብሎ ነገሩን ደብቆ ሰነበተ። በኋላ ተናዶ ለአሳታሚው ጻፈ። ደብዳቤውን ባሳየኝ ጊዜ «ሌቦች» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ተጽፎበት ሳለ፣ የጨዋታው ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰበትም። የመጣለት መልስ ለሁሉ የሚላክ የምስጋና ቃል ብቻ ነበር። እስከዚያውም ገንዘብ የሚመለስበት ቀን አለፈ።

ከዚህ በኋላ አብረን ተቀምጠን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። በመጀመሪያ የጨዋታውን ስም፣ ከርእሱ በታች የተጻፈውን የእትም ቍጥር፣ የተገዛበትን ቀንና የደረሰኙን ቍጥር አሰፈርን። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተሩን ዐይነትና የማስታወሻውን መጠን ገለጽን። ሦስተኛ፣ እንከኑ እንዴት እንደሚደርስ በተራ አስቀመጥን፤ ይኸውም ምዕራፉ ሲከፈት፣ በሩ ሲነካ፣ ከስንት ጊዜ ሙከራ ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ፣ ምንስ ቃል እንደ ታየ። አራተኛ፣ የስክሪኑን ፎቶግራፍ አያያዝን። በመጨረሻም የምንሻውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታወቅን፤ እንከኑ ይታረም፤ ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ይመለስ የሚል ነው።

በአራተኛው ቀን የአንድ ሰው እጅ ያለበት መልስ መጣ፤ ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን የመዘገበበትን ፋይል እንድንልክ ይጠይቃል። ላክን። ከአምስት ሳምንት በኋላ ማረሚያ ወጣ፤ ጨዋታውም ሦስተኛውን ምዕራፍ አለፈ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ የጠፋውም ድካም አልተተካም። ወንድሜ እውነቱን ለአጎታችን በስልክ በነገረው ጊዜ ግን፣ «ጨዋታው በመበላሸቱ ሳይሆን ከእኔ በመደበቅህ ነው የማዝነው» አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ የሸጠው መደብር ነው፤ እንከን የሚያርመው ደግሞ ሠሪው ወይም አሳታሚው ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚፈልግ ወደ መደብሩ፣ እርማት የሚፈልግ ወደ አሳታሚው ይጻፍ። ወደማይመለከተው ክፍል የተላከ ደብዳቤ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ደብዳቤያችሁን የሚከፍተውም ሰው እንከኑን የፈጠረው አይደለም። እንደ እናንተው በወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ ከፊቱ ብዙ አቤቱታ የተከመረለት ጸሐፊ ነው። ስድብ ቢደርሰው ያልፈዋል፤ የተጣራ ነገር ቢደርሰው ግን ለአለቃው የሚያቀርበው ጽሑፍ በእጁ ገባለት ማለት ነው። እኛ ከባለ ጉዳይ እንዲደርሰን የምንመኘውን ዐይነት ማመልከቻ፣ እኛም ባለ ጉዳይ በሆንን ጊዜ እንጻፍ።