የውኃ ሞዴል በነፃ፣ ዳታው በፍለጋ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር መሬት የሚያስማማ ደላላ ቀድሞ የሚያነሳው የሊዝ ዋጋን፣ ቀጥሎም የመንገድና የመብራት ነገርን ነው። የውኃው ጉዳይ «ሐይቁ እዚያው ነው» ተብሎ ይታለፋል። አበባ ወይም አትክልት ሊያለማ ገንዘቡን ለሚያፈስ ኢንቨስተር ግን ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይኸው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓምፑ የሚስበው ውኃ ይኖራል ወይ?

ሒሳቡን በጣት ቆጥሮ መጀመር ይቻላል። የዝዋይ (ባቱ) ሐይቅ ስፋት በግምት 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የሰፊ ትሪ ውኃ ማለት ነው። ሐይቁ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 4.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያጣል። አንድ ሄክታር መስኖ በዓመት 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ይፈልጋል ብንል 10 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ሺህ ሄክታር የሐይቁን 2.3 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ለአንድ እርሻ ኢምንት ነው። እንዲህ ያለው እርሻ አሥር ሲሆን ግን 23 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአማካይ ጥልቀቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ይደርሳል።

ይሁንና ሐይቅ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም፤ እንደ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ገቢና ወጪ አለው። መቂና ቀጣር ወንዞች ያስገባሉ፣ ዝናብ ይጨምራል፣ ፀሐይ በትነት ከዝናቡ አብልጣ ትወስዳለች፣ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ይህንን ገቢና ወጪ በየወሩ የሚያወራርደው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው የውኃ ሞዴል የሚባለው።

ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው ከአንድ ድርጅት ተጠቅልሎ በሚገዛ ፓኬጅ ነበር። ዛሬም የዴንማርኩ ማይክን የመሳሰሉ በላይሰንስ የሚሸጡ አሉ። ገበያውን የለወጠው ግን ሥራውን በየክፍሉ መበተን ነው። ነገሩ ከመኪና መለዋወጫ ጋር ይመሳሰላል፤ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ፍሪሲዮኑ ይቀየራል እንጂ መኪናው አይሸጥም። አንዱ ክፍል ዝናብን ወደ ጎርፍ ይመነዝራል፣ ሌላው የከርሰ ምድር ውኃን ያሰላል፣ ሦስተኛው የሰብሉን የውኃ ፍላጎት ያወጣል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሞድፍሎ የተባለው የከርሰ ምድር ውኃ ሞዴል ገና ሲነደፍ በዚህ መልክ ነበር። ለጉድጓድ፣ ለወንዝ፣ ለትነት የየራሱ ክፍል አለው። የተለያዩ ባለሙያዎች የሠሯቸው ሞዴሎች እየሠሩ ሳለ ቁጥር እንዲለዋወጡ የሚያደርገው ኦፕን ኤም አይ የተባለው የአውሮፓውያን ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። ሞድፍሎም ሆነ በአባይ ተፋሰስ ጥናቶች በብዛት የሚታየው ስዋት ዋጋቸው ዜሮ ነው።

በዳታውም በኩል ዋጋው ወድቋል። ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች አንድ ምስል እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በነፃ ነው። ቺርፕስ የተባለው የዝናብ ግምት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ማንም እንዲወስደው ተቀምጧል። አሜሪካና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ያመጠቁት ስዎት የተባለ ሳተላይት የሐይቆችን ከፍታ ይለካል። ሞዴሉ እነዚህን በኢንተርኔት ከሌላው ኮምፒዩተር ጠይቆ ይቀበላል፤ በሲዲ የሚመላለስ ሰው አያስፈልግም። ሁሉም ነፃ ነው ብሎ መዝናናት ግን አይገባም። ጉግል ኧርዝ ኢንጅን ለምርምር በነፃ ቢሰጥም ለንግድ ሥራ የሚያስከፍል በመሆኑ የአማካሪው ዋጋ ውስጥ መግባቱን ማጣራት ያስፈልጋል።

ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ለባለሙያው ጊዜና በመሬት ላይ ለተለካ ቁጥር ነው። ሳተላይት የሚሰጠው የዝናብ ግምት ነው፤ ግምቱ የሚፈተነው በሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ነው። የወንዙ ፍሰት ስሌት ደግሞ መቂና ቀጣር ላይ ከተለካው ጋር ተነጻጽሮ ይስተካከላል። እነዚህን መዝገቦች ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ጠይቆ ማግኘት፣ የጎደሉትንም ወራት መሙላት ብዙ ቀን ይበላል። ከሁሉ የከፋው ክፍተት በፓምፕ የሚሳበው ውኃ ነው። በየማሳው ዳር የተተከለች አነስተኛ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪ የላትም። አማካሪው ያለው አማራጭ የለማውን መሬት ከሳተላይት ምስል ለክቶ በሰብሉ ፍላጎት ማባዛት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ግምት ነው። እንደ ትክክለኛ ቁጥር አድርጎ በጥናቱ የሚጽፈው አማካሪ ደንበኛውን እያታለለ ነው።

ክፍሎችን እየመረጡ መግጠም የራሱ አደጋም አለው። የሚገጠመውን የሚመርጥ ሰው የሚተወውንም ይመርጣል። የዝዋይን ውኃ አስልቶ ቡልቡላ ላይ የሚያቆም ሞዴል ለእርሻው ደግ ዜና ሊያመጣ ይችላል። አብጃታ ግን መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከላይ በሚቀረው ውኃና ለሶዳ አሽ በሚሳበው ምክንያት ዳርቻው እየሸሸ፣ በወፎቹ የሚታወቀው ፓርክም እየተጎዳ መጥቷል። ውኃ ለታችኞቹ እንዲለቀቅ ሲወሰን የሚቆረጠው የላይኞቹ ድርሻ ነው። ይህ ለእርሻው የገንዘብ ስጋት ነው።

ስለዚህ የአዋጭነት ጥናት የሚያሠራ ሰው ባለቀለሙን ካርታ ብቻ ተረክቦ ሒሳብ መዝጋት የለበትም። የሞዴሉን ፋይልና የገባበትን ዳታ ጭምር በውሉ ላይ ያስጽፍ። ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሊፈትሸው፣ ከዓመት በኋላም አዲሱን የዝናብ መዝገብ ብቻ ቀይሮ እንደገና ሊያስኬደው ይችላል። ፋይሉን የማይሰጥ አማካሪ ግን ለእያንዳንዱ ማሻሻያ እንደ አዲስ ያስከፍላል።