የሐምሌን ዝናብ ለየካቲት ገበያ

የአውሮፓ የጽጌረዳ ገበያ በጣም የሚደምቀው በየካቲት መጀመሪያ፣ የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ነው። በዚያ ሰሞን በሆለታ፣ በሰበታም ሆነ በደብረ ዘይት አካባቢ ክረምቱ ካበቃ አራት ወር አልፎታል። ምንጩ ይሳሳል፤ የጉድጓዱ ውኃ ወደ ታች ይሸሻል፤ ፓምፑም የበለጠ ናፍጣ ወይም መብራት ይበላል። አበባው ጥሩ ዋጋ በሚያወጣበት ወቅት ውኃውም አብሮ ይወደዳል ማለት ነው። በአንጻሩ ሐምሌና ነሐሴ ለአበባ ቀዝቃዛ ወራት ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ውኃው ከግሪንሃውሱ ጣሪያ ላይ እየወረደ በቦይ ይሄዳል።

ነገሩ ለእህል ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በአዝመራ ወቅት ረክሶ የተገዛ ጤፍ በመጋዘን ቆይቶ ክረምት ሲገባ ይሸጣል። የጣሪያ ውኃም ከዚሁ ንግድ አይለይም። ልዩነቱ እህሉ በነፃ መገኘቱና ወጪው ሁሉ መጋዘኑ ላይ መውደቁ ነው። ስለዚህም ለባለሀብቱ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ዝናብ አገኛለሁ?» ሳይሆን «ምን ያህሉን፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ብር አቆያለሁ?» የሚለው ነው።

ሂሳቡ

በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። በ1 ሄክታር ግሪንሃውስ ላይ ሲሆን 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 50 ጊዜ ይሞላል። እንደ ሆለታ ባለ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ደጋ፣ ከ1 ሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል። በነፋስ የሚረጨው፣ ከአሸንዳ የሚያፈሰውና ሆን ተብሎ የሚደፋው የመጀመሪያ ዝናብ 15 በመቶ ነው ቢባል 8,500 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 6,000 ያህሉ የሚገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

ጽጌረዳ በፀሐያማ ቀን ለ1 ሄክታር 40 ሜትር ኩብና ከዚያም በላይ ውኃ ይፈልጋል። ሰማዩ በደመነበት ክረምት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ በቀን 25 ሜትር ኩብ ተብሎ ቢያዝ በአራቱ ወራት ውስጥ 3,000 ያህሉ እዚያው ሥራ ላይ ይውላል። ወደ በጋ የሚሻገረው ቀሪው 3,000 ነው። ኩሬው 3 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ካልተሸፈነ በቀን ከ4 እስከ 5 ሜትር ኩብ በትነት ያጣል። እስከ የካቲት ድረስ ሲታሰብ ከ500 የማያንስ ሜትር ኩብ ሳይሸጥ ወደ ሰማይ ተመለሰ ማለት ነው። በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው የ60 ቀን ውኃ ነው።

60 ቀን በጋውን በሙሉ አይሸፍንም። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚያስዘጋ ነገር የለም። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለውን፣ ብዙ ገንዘብ የሚገባበትን ጊዜ ግን ይሸፍናል።

የውጭው ልክ ለእኛ አይሆንም

በኔዘርላንድስ የመስታወት ቤት አምራቾች ለ1 ሄክታር ቢያንስ 500 ሜትር ኩብ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ እንዲኖራቸው በደንብ ሲጠየቁ ቆይተዋል። በዚያ አገር በየወሩ ስለሚዘንብ ኩሬው ደጋግሞ ይሞላል። እኛ ዘንድ ይኸው 500 ሜትር ኩብ በበጋ ከ12 ቀን አያልፍም። የውጭ ባለሙያ ያመጣውን ፕላን እንዳለ የገለበጠ ባለሀብት አሸንዳውንም ቧንቧውንም ከፍሎበት ኅዳር ላይ ባዶ ኩሬ ሊያይ ይችላል።

ዝዋይ ሌላ ሂሳብ አለው። እዚያ ዝናቡ ከደጋው ያንሳል፤ ትነቱ ግን ይበልጣል፤ ሐይቁም ቅርብ ነው። ይሁንና ሐይቁ የአበባ ልማት ብቻ አይደለም። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚቀበለውን ውኃ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይለቃል፤ አብያታም ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል። ዓሣ አስጋሪውም ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹም ከዚያው ይቀዳሉ። ከጣሪያ የተገኘ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከዚህ ሽሚያ ውጭ የሆነ ውኃ ነው።

ጥራቱም ዋጋ አለው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው ናቸው። ጽጌረዳ ሶዲየም አይወድም፤ ባይካርቦኔቱን ለመስበር ደግሞ አሲድ ይገዛል። የዝናብ ውኃ ከሁለቱም ነፃ ስለሆነ ከጉድጓዱ ጋር ሲቀላቀል የአሲዱን ወጪ ይቀንሳል፤ የጠብታ መስኖው ቀዳዳም ቶሎ አይደፈንም። ካልሲየም ስለሌለው ግን ማዳበሪያው እንደገና መመጠን ይኖርበታል።

ገንዘቡ የሚፈስበት

ከወጪው ከፍ የሚለው ቁፋሮውና በገበያ ጂኦሜምብሬን የሚባለው የኩሬ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ከባድ ሆኗል። ዶላር ለሚያስገባ ላኪ ሸክሙ ይቀላል፤ ለአገር ውስጥ ገበያ ቲማቲምና ቃሪያ ለሚያመርት ግን ያው አይደለም።

ለእንዲህ ያለው አነስተኛ አምራች ሌላ ልክ አለ። 200 ካሬ ሜትር ግሪንሃውስ ከአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር ገደማ ይሰጣል። በቀን 1,000 ሊትር ቢጠቀም ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 10 ቀን ያቆየዋል። በበልግ ዝናቡ ቆም ሲልና የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ችግኝ ያድናል፤ የበጋ መሻገሪያ ግን አይሆንም።

ሳይታሰቡ የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። ከበጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ፣ የፀረ ተባይ ቅሪትና ለጥላ የተቀባ ኖራ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ኩሬው አይገባም። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍ ከ1 ሄክታር 500 ሜትር ኩብ ያወርዳል፤ ማስተንፈሻ ካልተሠራለት የጎረቤትን ማሳ ጠርጎ ይሄዳል፤ ከገበሬው ጋርም ያካስሳል። ኩሬው አጥር ካልተደረገለት ሕፃንና ከብት ይበላል፤ ካልተሸፈነ አልጌ ያበቅላል።

እርሻ የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው እስካሁን የሚጠይቀው ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱና ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ነው። አንድ ጥያቄ ቢጨምር አይከስርም፤ የኩሬውን ሜትር ኩብ አስለክቶ በቀን ፍጆታው ያካፍል። የሚያገኘው የቀን ቁጥር የካቲት ላይ ከማይደርስ ልዩነቱን ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።