የጭቃ ግድግዳ ልስን ለምን ይላቀቃል? እንዴትስ ይጠገናል?

በመስቃን፣ ከቡታጅራ ከተማ አንሥቶ እስከ ገጠሩ ድረስ፣ ብዙ መኖሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ጸሎት ቤቶች፣ የሰንበት ትምህርት ክፍሎችና የእህል ማስቀመጫዎች የተሠሩት በእንጨትና በጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ይማገራል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል፣ ከላይም ቆርቆሮ ይለብሳል። ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ግድግዳው እንዲያምርና እንዲጠነክር ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ልስኑ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው እንደገና ሲሚንቶ ገዝቶ በላዩ ላይ መለሰን ነው።

ይህ አሠራር ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ውኃውን ማስቆም፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ማድረቅ፣ በመጨረሻ መለሰን ነው።

ሲሚንቶና ጭቃ ለምን አይስማሙም?

ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ ያን ያህል አይንቀሳቀስም። በመሆኑም ሁለቱ እያደር ይለያያሉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። ከዚህም ሌላ የጭቃ ግድግዳ የያዘውን እርጥበት በገጹ በኩል ወደ አየር ያስወጣል፤ የሲሚንቶ ልስን ይህን መውጫ ያጠብበታል። በቀጭን ስንጥቅ የገባ ውኃ መውጫ አጥቶ ከልስኑ በስተጀርባ ይቀመጣል። ጭቃው ይፈርሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል።

አደጋው ይህ ሁሉ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ቋሚዎች ናቸው። እነርሱ ከሥራቸው ከበሰበሱ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል በአንድ ኃይለኛ ነፋስ ሊያዘነብል ይችላል። በርበሬና በቆሎ የሚቀመጥበት ክፍል ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፤ የሻገተ እህልም ለጤና ጠንቅ ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ራንቾስ ዴ ታኦስ በተባለ ስፍራ፣ በጭቃ ጡብ የተሠራ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. በየጊዜው ከመምረግ ለመገላገል ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ውኃ ከልስኑ በስተጀርባ እየገባ ግድግዳውን ስለጎዳው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሚንቶው ተነሥቶ ወደ ጭቃ ልስን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ ራሳቸው ተሰብስበው ይመርጉታል።

የጉራጌ ጎጆም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የሣር ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ ዝናብ ግድግዳውን እንደ ልብ አያገኘውም። የምድጃው ጭስም እንጨቱን ከነቀዝ ይከላከልለታል። በቆርቆሮ ስንተካው ብዙ ጊዜ የጣሪያውን ጠርዝ እናሳጥራለን፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ለዝናብ ይጋለጣል።

ጉዳቱን እንዴት እናውቃለን?

ግድግዳውን በጣት አንጓ ወይም በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ እያንኳኳችሁ ዙሩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ተላቋል ማለት ነው፤ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከታች በኩል የጠቆረ መስመር ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካለ ውኃ ከመሬት እየወጣ ነው። ቋሚውን ከሥሩ በረጅም ሚስማር ውጉት፤ ሚስማሩ ያለ መዶሻ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በግድግዳው ላይ የሚወጡ የአፈር መስመሮች የምስጥ መንገዶች ናቸው።

ውኃው የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። ከላይ በላላ ሚስማርና በዛገ ቆርቆሮ፤ ከጎን በነፋስ በሚገፋ ዝናብና ከመሬት በሚፈናጠር ነጠብጣብ፤ ከታች ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶ በተቆለለ አፈር።

የጥገናው ቅደም ተከተል

1. ጣሪያውን መጠገን። የላሉትን ሚስማሮች ጎማ ባላቸው አዳዲስ የጣሪያ ሚስማሮች ተኩ። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ አድርጉ። አሸንዳ ብታደርጉለት ደግሞ የተሻለ ነው።

2. መሬቱን ማስተካከል። ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሡ። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ፤ 1 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁም ቦይ ቆፍሩ።

3. የተላቀቀውን ማንሣት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ደህና እስከሆነው ድረስ አንሡ። የረጠበውን ጭቃም ፈልፍላችሁ አውጡ። ከዚያ ግድግዳው ቢያንስ 3 ሳምንት ይድረቅ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ በእርጥብ ላይ የተለሰነ ግን ተመልሶ ይላቀቃል።

4. ቋሚውን መተካት። አስቀድማችሁ ጣሪያውን በጠንካራ ድጋፍ አስደግፉ። የበሰበሰውን ክፍል ቁረጡና ደረቅ እንጨት አጣምራችሁ በሚስማር አጥብቁ። ሥሩ በአፈር ውስጥ ሳይሆን በድንጋይ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ አትንኩ።

5. መምረግ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ፣ አንድ ሳምንት ያህል ይቆይ። አሮጌውን ገጽ በጥቂቱ አርጥባችሁ ከ3 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ምረጉ። አንዱ ንብር ደርቆ ስንጥቁን እስኪያወጣ ሌላውን አትጨምሩ።

6. መለሰን። ለመጨረሻው ገጽ በእበት የተቦካ ደቃቅ አፈር ይበቃል። ወይም ለ1 እጅ ኖራ 3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ቀላቅሉ፤ ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንት ይደረግ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት በግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ድብልቅ በትንሽ በትንሹ ለስናችሁ ለአንድ ሳምንት ተመልከቱ። የማይሰነጠቀውንና በእጅ ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጡ።

ሲሚንቶ ቀድሞ ተለስኖ ከሆነስ?

ልስኑ በሙሉ ጥብቅ ከሆነ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ውኃ እንዳያገኘው መጠበቅ ይበቃል። ከታች የተላቀቀ ከሆነ የታችኛውን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሥታችሁ በጭቃ ወይም በኖራ ለስኑት፤ ግድግዳው በዚያ በኩል ይተነፍሳል። የሽቦ መረብ መትቶ በላዩ ሲሚንቶ መለሰን ልስኑ እንዳይወድቅ ይይዘው ይሆናል፤ ውኃውን ግን አያስወጣም። ለሲሚንቶ ተገቢው ቦታ የድንጋይ መሠረቱ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የየጸሎት ቤቱ የሕንፃ ኮሚቴና የፕሮጀክት ሠራተኞች ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ቀን መድበው ግድግዳዎቹን እያንኳኩ ቢዞሩ፣ ያገኙትንም በቃለ ጉባኤ ቢመዘግቡ መልካም ነው። ጭቃው፣ ጭዱና ጉልበቱ በእጃችን ያለ ነው። ለሲሚንቶ የሚሰበሰበው ገንዘብም አስቀድሞ ለጣሪያ ሚስማርና ለአሸንዳ ይዋል።